ፈረስ፣ ሜዳ እና ውርርድ



በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ውስጥ፣ አንድ ምሽት ከመግሪብ ሰላት በኋላ፣ አንዲት እናት ደጋን ወደሚገኘው ቤታችን መጡ። የቀረበላቸውን ቡና ሳይነኩ «ይኸን ልጅ ቁርኣኑንም ሒሳቡንም ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ፤ እናንተው ምከሩልኝ» አሉን። ልጃቸው ኮምቦልቻ ውስጥ የሰው ባጃጅ እየነዳ ያድራል። ከጓደኞቹ ጋር በገባበት ዕቁብ ዕጣው ደርሶት 40 ሺህ ብር ተቀብሎ ነበር። ለራሱ ባጃጅ ቀብድ ይሆናል የተባለው ይህ ገንዘብ በአምስት ሳምንት ውስጥ አንድ የስፖርት ውርርድ ቤት ገብቶ ቀረ። ዕቁቡ ግን ገና አላለቀም፤ በየሳምንቱ ይጣላል።

በማግስቱ ልጁን አስጠራነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 90 እና 91 ላይ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥና ከጣዖት ጋር አንድ ላይ አንሥቶ መከልከሉን፣ በሰዎች መካከል ጠብ እንደሚዘራና ከሰላት እንደሚያዘናጋ መግለጹን አስታወስነው። አንገቱን ደፍቶ አዳመጠን። ስንጨርስ ቀና አለና «ኡስታዝ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈረስ አሽቀዳድመዋል ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ። ሽልማትም ይፈቀዳል ብላችሁናል። ታዲያ እኔ በኳሱ ላይ የማደርገው ከዚያ በምን ይለያል?» አለን።

እውነቱን እንናገር። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ እኛ ግን ድምፃችንን ከፍ አድርገን «ይለያል!» ብለን ዘጋነው። ልጁም «እሺ» ብሎ ሄደ። የመምህርነትን ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ዓይነቱን «እሺ» ያውቀዋል፤ «ገብቶኛል» ማለት አይደለም።

በዚያው ሳምንት፣ ከደሴ መምህራን ማሠልጠኛ ጀምሮ የምናውቀው አንድ ባልደረባችን ለወንድሙ ሠርግ ጠራን። ቦታው ጉጉፍቱ ላይ ነው፤ ከኒካሑ ማግስት የፈረስ ግልቢያ አለ። በ2014 ዓ.ም. አገሩ ገና ከጦርነቱ እየወጣ ስለነበር ሳይጋለብ ከርሟል፤ አሁን ግን ከየመንደሩ ፈረሰኛ እንደሚመጣ ነገረን። ወደ ልጁ ልከን «ባጃጅህን ለአንድ ቀን መልስና ና፣ ፈረስ እንይ» አልነው።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ደጋን ስሟ ከደጋ ጋር ቢመሳሰልም ሞቃት ናት፤ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወርደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ደጋን በአማርኛችን ቀስት የሚወረወርበትም መሣሪያ ነው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ሽልማት የተፈቀደባቸው ውድድሮች ሦስት ናቸው፤ የግመል፣ የፈረስና የቀስት። የቀስቱ በስማችን አለ። ግመሉም ለባቲው የሰኞ ገበያ ከአፋር በኩል ሲመጣ እናየዋለን። የጎደለን ፈረሱ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። «የአፍሪካ የፈረስ በሽታ» የሚባለው ቀሳፊ በሽታ የሚተላለፈው ከትንኝ ባነሱ ደም መጣጭ ነፍሳት ነው፤ እነርሱም ሙቀትና እርጥበት ባለበት ይበዛሉ። ፈረስን ሲይዘው ጥቂቱ ብቻ ይተርፋል። በቅሎ የተሻለ ትቋቋመዋለች፤ አህያ ከነመኖሩም ላይታወቅበት ይችላል። ቆላው የአህያና የበቅሎ፣ ደጋው የፈረስ አገር የሆነበት አንዱ ሚስጥር ይህ ነው።

ማለዳ ከደጋን ተነሥተን ኮምቦልቻ ገባን፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥተን ደሴ፣ ከደሴ ደግሞ በሌላ መኪና ወደ ጉጉፍቱ አቀናን። መኪናው ሽቅብ በወጣ ቁጥር ባሕር ዛፉ እየሳሳ ሄደ፤ በመጨረሻም የገብስ ማሳና ድንጋይ፣ በግና ነፋስ ብቻ ቀረ። ልጁ በስስ ጃኬት መጥቶ ስለነበር ገና ስንወርድ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። አንድ የማያውቁት ሽማግሌ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት። «አንቱስ?» ቢላቸው «እኔን ብርዱ ያውቀኛል» አሉት።

ሜዳው አጥርም መቀመጫም የለውም። የታጨደ የገብስ ማሳና ከጎኑ ያለ የግጦሽ መስክ ነው። ከወዲያ ጫፍ ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች አሉ፤ ግልቢያው ከዚያ ይነሣል። ከወዲህ ጫፍ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ተተክሏል፤ እዚያ ያበቃል። በዓይን ስንገምተው ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች ደግሞ በቀኝ ካለው ጉብታ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጉብታው የቡና ጢስ ይወጣል። ፈረስ በመጣ ቁጥር እልልታው ይቀልጣል።

ፈረሶቹን ቆጠርናቸው፤ አሥራ አራት ነበሩ። ዳማ፣ ቦራ፣ መጋላ፣ አንድ ደግሞ ሽማግሌ አምባላይ። ልጓማቸው በቀይና በቢጫ ክር ተጠልፏል። ከጋላቢዎቹ አንዳንዶቹ በቀድሞው ወግ በባዶ እግራቸው ሆነው፣ የእግራቸውን አውራ ጣት ብቻ በእርካቡ ቀለበት አስገብተው ነው የሚቀመጡት። የወሎ ፈረሰኛ ሲባል በታሪክ የምናነበው ወደ ዐይናችን መጣ። ቀድሞ መሐመድ ዐሊ ይባሉ የነበሩት፣ በፈረስ ስማቸው «አባ ሻንቆ» የሚታወቁት ራስ ሚካኤል፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የዳቦርሚዳን ጦር በፈረሰኞቻቸው የደመሰሱት እንዲህ ካሉ ደጋዎች በወጣ ፈረስ ነው። ዛሬ በአገራችን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አለ ይባላል፤ አብዛኛው ግን ጭነትና ጋሪ ላይ ነው። በአዊ ዞን፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚያደርገውን ትዕይንት የማያውቅ ጥቂት ነው። የወሎው ግን ማኅበርም ሰሌዳም የለው፤ ሠርግ ሲኖር ይኖራል።

ከሁሉም ዐይናችን ያረፈው በአንዲት ዳማ ባዝራ ላይ ነበር። ባለቤቷ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት አሮጊት ናቸው። ጋላቢው የልጅ ልጃቸው ነው፤ ከአሥራ አራት ዓመት አይበልጥም። «ምን ታበሏታላችሁ?» ብለን ብንጠይቃቸው «እኔ የምበላውን፤ ገብስ» አሉን። «ለግልቢያው ደግሞ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ድርቆሿን እቀንስባታለሁ፣ ቀን ቀን በግላስ አለብሳታለሁ። ሆዷ ይገባል፣ ላቧ ይወጣል፣ ሥጋዋ ይጠነክራል።»

ተገርመን ልጁን አየነው፤ እርሱም አየን። በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲስ ያስተማርነው ይኸንኑ ነበርና! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፈረሶችን ያሽቀዳደሙት ለሁለት ከፍለው ነው። መኖ ተቀንሶላቸውና ተሸፍነው በላብ የከሱት፣ በዐረብኛው «ሙደመር» የሚባሉት፣ ከሐፍያእ ተነሥተው እስከ ሰኒየተል ወዳዕ ይሮጣሉ፤ ይህም አምስት ወይም ስድስት ማይል ነው። እንዲያ ያልተዘጋጁት ደግሞ ከሰኒየተል ወዳዕ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጊድ፣ አንድ ማይል ብቻ። አቅሙ ያልደረሰ ፈረስ ከአቅሙ በላይ እንዳይነዳ ነው። ከጋላቢዎቹም መካከል የዑመር ልጅ ዐብደላህ ነበረበት። እኒህ አሮጊት መጽሐፍ አልከፈቱም፤ ያገኙት ከአባታቸው ነው።

ግልቢያው ሁለት ሁለት እየሆነ ተጀመረ። መጀመሪያ የሚታየው አቧራ ነው። ከዚያ ድምፁ ይመጣል፤ ከጆሮ በፊት መሬቱ በእግር ሥር ይነግራል። ከዚያ አንገታቸውን የዘረጉ ሁለት ፈረሶች ብቅ ይላሉ፤ በቅጽበት አልፈውህ ይሄዳሉ፤ የሚቀረው የላብ ሽታና ጩኸት ነው። ሱረቱል ዐዲያትን ስንቀራ የኖርነውን ያህል፣ የሚያለከልክ ፈረስ ትንፋሽ ፊታችን ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያችን ነበር። ዳማዋ ባዝራ ሦስት ጊዜ ሮጣ ሦስቱንም ቀደመች። ልጁ በብርድ መንቀጥቀጡን ረስቶ እየዘለለ ይጮኻል።

ከአጠገባችን የአካባቢው ሼኽ ተቀምጠው ነበር። ልጁ እንዲሰማ ብለን ጥያቄውን ለእርሳቸው አቀረብንላቸው። ሼኹ ሳቅ አሉና በበትራቸው ጥግ የታሰረውን ሙክት በግ አመለከቱ።

«በጉን የሰጠው የሙሽራው አባት ነው። ከጋላቢዎቹ ያንዱም ኪስ አልተነካ። የቀደመው ይወስዳል፤ የተቀደመው ሲመጣም ባዶ እጁን ነበር፣ ሲሄድም ባዶ እጁን ነው። ከሁለቱ አንደኛው ብቻ ‹ከቀደምከኝ ይኸን እሰጥሃለሁ› ቢልም ዑለሞች ይፈቅዱታል። ሁለቱም አስይዘው አሸናፊው ሲጠቀልል ግን አብዛኞቹ ይከለክላሉ፤ ምንም ያላስያዘ ሦስተኛ ፈረሰኛ ካልገባበት በቀር፤ በዚህም ኺላፍ አለ። ይህ ሁሉ ንግግር ስለ ፈረሰኛው ነው። እነዚያ ግን» አሉና በትራቸውን ወደ ሜዳው ጫፍ መለሱ፣ «እንኳን ፈረስ በቅሎም የላቸው!»

ወደተጠቆምንበት ስናይ ከከተማ በመኪና የመጡ አሥር አሥራ አምስት ወጣቶች ክብ ሠርተው ቆመዋል። አንዱ በእጁ የብር ኖት ደርቦ ይዟል፤ ሌላው በስልኩ ላይ ስም ይመዘግባል። ዞር ስንል ልጃችን ከጎናችን የለም። ጋቢውን እንደለበሰ ከክቡ መካከል አየነው።

ሄደን ጎትተን እናውጣው ወይስ እንተወው? ልባችን ሁለት ሆነ። ሼኹ «ተወው፤ ዛሬ ለማየት አይደል የመጣው?» አሉን። ተውነው። ልክ ሠርተን እንደሆነ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለንም።

ለመጨረሻው ዙር ዳማዋና አንድ ቦራ ቀርተዋል። ጋላቢዎቹ ወደ መነሻው ሊሄዱ ሲሉ የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ባዝራዋን እየሳበ ወደ ሴቶቹ ጉብታ መጣ። ለአያቱ አንድ ነገር በጆሮአቸው ነገራቸው። አሮጊቷ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ምንም ሳይናገሩ የኮርቻውን መወጠሪያ ፈትተው ኮርቻውን አወረዱ። ሰው ሁሉ ዝም አለ። የሙሽራው አባት ሮጠው መጥተው «ምነው? ምን ተገኘ?» አሏቸው።

«ከነዚያ አንዱ ለልጄ ‹500 ብር እሰጥሃለሁ፣ መጨረሻ ላይ ልጓሟን ያዝ አድርጋት› ብሎታል» አሉ አሮጊቷ። «እኔ ይችን እንስሳ ውሸት አላስተማርኳትም። በጉን ለቦራው ስጡት፤ መብቱ ነው።»

«እናቴ፣ ልጁኮ እምቢ ብሏል፤ ትሩጥ እንጂ!» ብለን እኛም ለመንናቸው።

«ዛሬ እምቢ አለ። ሲሮጥ ግን ቢደናቀፍ፣ ያ ሁሉ ሰው ምን ይለዋል? ተሸጠ ነው የሚሉት» ብለው ባዝራዋን ግላስ አለበሷት።

ለዚህ መልስ አልነበረንም። ብዙ ኪታብ የተጻፈበትን ጉዳይ፣ ኢብኑል ቀይም ሳይቀሩ ስለ ፈረሰኝነት ራሱን የቻለ መጽሐፍ የደረሱበትን፣ እኒህ ሴት ኮርቻ በማውረድ ጨረሱት። ሐዲሱ ፈረስን በሦስት ይከፍለዋል፤ ለባለቤቱ ምንዳ የሚሆን፣ መሸፈኛ የሚሆን፣ ሸክም የሚሆን። የዚያን ዕለት ያች ባዝራ ለአሮጊቷ መሸፈኛ ነበረች፤ ክቡ ውስጥ ለቆሙት ግን ባለቤቷም ሳይሆኑ ሸክም አደረጓት።

ቦራው ብቻውን በሶምሶማ መጥቶ በጉን ወሰደ። በክቡ ውስጥ ግን ጠብ ተነሣ። በዳማዋ ላይ ያስያዙት «ግልቢያ አልተደረገም፣ ብራችን ይመለስ» ይላሉ፤ በቦራው ላይ ያስያዙት «ቀርታለች፣ ተሸንፋለች» ይላሉ። አንዱ የአንዱን ኮሌታ ያዘ። የዐስር አዛን የተሰማው በዚህ መካከል ነው። ሠርገኛው ሰልፍ ሠርቶ ሲሰግድ ከኋላችን ስድቡ ይሰማ ነበር። የማኢዳን አንቀጽ ለልጁ ዳግመኛ መጥቀስ አላስፈለገንም። ስናሰላምት በመጨረሻው ሰልፍ ጫፍ ላይ፣ ያመለጠውን ረከዓ ለመሙላት ሲነሣ አየነው።

በዳማዋ ላይ 500 ብር አስይዞ ኖሯል። ከብዙ ንትርክ በኋላ 300 መለሱለት፤ ለልጁ ጉቦ ያቀረበው ሰውዬ ደግሞ በቦራው ላይ ያስያዘ ነበር። ጋቢውን ለሽማግሌው መልሶ መኪና ውስጥ ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። እስከ ደሴ አልተናገረም። ሐረጎን ስንወርድ ግን «ኡስታዝ፣ የኔው እኮ ማሽን ነው፤ የአውሮፓን ኳስ ማን በ500 ብር ያስቆማል?» አለን።

ጥሩ ጥያቄ ነው። አሁን መጮህ አላስፈለገንም፤ ደብተር አወጣን። እንበል ሁለት እኩል የሆኑ ፈረሶች አሉ። አንተ በአንዱ 100 ብር፣ እኔ በሌላው 100 ብር አስያዝን። ቤቱ ላሸነፈው በአንድ ብር 1 ብር ከ80 ሣንቲም ይከፍላል። 200 ተቀበለ፣ 180 ከፈለ፤ ማንም ያሸንፍ ማን 20 ብር ከእርሱ ዘንድ ቀረ። ስለዚህ 100 ብርህ በአማካይ 90 ሆነ ማለት ነው። የቀረውን ደግመህ ብታስይዝ 81፤ በአሥረኛው ዙር 35 ብር ገደማ። ጉቦ የሰጠ የለም፣ ያጭበረበረ የለም፤ አሠራሩ ራሱ ነው።

«እኔ ግን አሥር ጨዋታ ባንድ ላይ ነው የምይዘው፤ ያ ብዙ ያስገኛል» አለን። እርሱንም አሰላነው። እያንዳንዱ ጨዋታ እኩል ለእኩል ቢሆን፣ አሥሩም የመያዛቸው ዕድል ከ1024 አንድ ነው። የሚከፈለው ግን 1.80 አሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፤ ይህም 357 እጥፍ ይሆናል። ደብተሩን ተቀብሎ በስልኩ ራሱ አባዛው። ሁለት ጊዜ አባዛው። «እኔ 1024 መሆኑን አላውቅም ነበር» አለ።

ውርርድ ባይኖር እሽቅድምድም ይሞታል የሚሉ አሉ። ለእነርሱ አንድ ነገር እናስታውስ። ዛሬ በዓለም የሚወዳደሩት የእንግሊዝ ዘር ፈረሶች በአባት በኩል የሚመዘዙት በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን መካከል ከምሥራቅ፣ ከሙስሊሙ አገር ከተወሰዱ ሦስት ድንጉላዎች ነው። እንግሊዝ ቁማሩን ጨመረችበት። በ1996 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የዱባይ ዓለም ዋንጫ ግን በሜዳው የመወራረጃ መስኮት ሳይከፈትበት ነው በሽልማቱ ታላቅነት ስሙ የገነነው። ጉጉፍቱም በአንድ በግና በአንድ ቀን ፀሐይ አሥራ አራት ፈረስ ሰብስባለች።

ይህን ጽሑፍ ያን ጊዜውኑ ያላወጣነው የልጁን ፈቃድ ስንጠብቅ ነው። አሁን «ስሜን ተዉት እንጂ ጻፉት» ብሎናል። ዕቁቡን ከፍሎ ጨርሷል፤ የሚነዳው ባጃጅ ግን እስከ ዛሬ የሰው ነው። ባለፈው ጁሙዓ እናቱን መንገድ ላይ አግኝተን ስለ እርሱ ጠየቅናቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ሥራ ላይ ነው» አሉን። ጥቂት ሄድ ብለው ተመለሱና «ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ፣ ኳስ ሲኖር፣ ስልኩን ለኔ ሰጥቶ ነው የሚወጣ» አሉን።